አውሮፕላኑ ዝም ሲል ማን ይጠየቅ?

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን አዲስ አበባ ደረሰ፤ ግን መውረድ አልጀመረም። በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ የቦሌን ማረፊያ አልፎ ሄደ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩት። መልስ የለም። በኋላ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው ኦቶፓይለት ሲለቅ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ ግንኙነቱ ተመለሰ፤ አውሮፕላኑም ዞሮ መጥቶ ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ በሰላም አረፈ። የአቪዬሽን ዜና የሚከታተሉ ድረ ገጾች ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ጻፉ።

አየር መንገዱም አጭር መግለጫ አወጣ። በረራው ከአዲስ አበባ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ጋር ለጊዜው ግንኙነት አጥቶ ነበር፣ ከዚያ በሰላም አርፏል፣ ሠራተኞቹ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከበረራ ሥራ እንዲነሱ ተደርጓል የሚል ነው።

ያኔ በዙሪያዬ የሰማሁት ክርክር ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ “ይባረሩ!” ይላል። ሌላው “የአየር መንገዳችንን ስም አታጥፉ” ይላል። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። አየር መንገዱ የሁላችንም ኩራት ነው፤ እኔም ስሙ ሲነሳ ደስ ይለኛል። ግን ከኩራቱም ከቁጣውም በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር ነበር። እነዚህ ሰዎች እንዲያ እስኪደክሙ ድረስ ማን ነው ያሠራቸው?

የሬዲዮ ብልሽት ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል ባላሳሰበኝ። አቪዬሽን ለሱ ከተዘጋጀ ቆይቷል። አንድ የመንገደኞች ጄት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሬዲዮ አለው። ሁሉም ቢበላሹ እንኳ አብራሪው አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ፣ ትራንስፖንደሩ ላይ 7600 የሚለውን ቁጥር ይሞላል፤ ተቆጣጣሪው ራዳሩ ላይ ቁጥሩን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። አየሩ ጥሩ ከሆነ አብራሪው ቅርብ ወዳለው ተስማሚ ማረፊያ ሄዶ ያርፋል። ደመና ከሆነ አስቀድሞ ባስያዘው የበረራ ዕቅድ ይቀጥላል፤ መሬት ያሉትም ዕቅዱን ስለሚያውቁት መንገዱን ያጸዱለታል። በአውሮፕላን ማረፊያው የመቆጣጠሪያ ማማ ላይ ያለው ሰው ደግሞ መብራት አለው። የማይቋረጥ አረንጓዴ ካሳየው እረፍ ማለት ነው፤ የማይቋረጥ ቀይ ከሆነ ለሌላው ቅድሚያ ስጥና መዞርህን ቀጥል ነው።

በአፍሪካ ሰማይ ደግሞ የምድሩ ሬዲዮ በወጉ የማይሰማባቸው ሰፋፊ ቦታዎች አሉ። ስለዚህ አብራሪዎች በ126.9 ሜጋኸርዝ ላይ ያሉበትን ቦታ፣ ከፍታቸውንና አቅጣጫቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። መሬት ያለው ተቆጣጣሪ ባይሰማ በአካባቢው የሚበር ሌላ አውሮፕላን ይሰማል። እንዲህ ነው የተጠበቅነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በአብራሪዎቹ ክፍል፣ ኮክፒት ውስጥ የነቃ ሰው ካለ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2005 ከቆጵሮሷ ላርናካ ወደ አቴንስ ይበር የነበረ የሄሊዮስ አየር መንገድ አውሮፕላን ሬዲዮ አልመልስ አለ። ሁለት የግሪክ ኤፍ-16 ተዋጊ ጄቶች ተጠግተው ሲያዩ ረዳት አብራሪው መቀመጫው ላይ ተደፍቷል፣ የካፒቴኑ መቀመጫ ባዶ ነው፣ በመንገደኞቹ በኩል የኦክስጅን ጭምብሎች ተንጠልጥለዋል። የአውሮፕላኑ የአየር ግፊት ሳይስተካከል ቀርቶ አብራሪዎቹ ራሳቸውን ስተው ነበር። ነዳጁ አልቆ ሲወድቅ 121 ሰው አለቀ። ያ ድካም አልነበረም፤ ለመሬቱ ተቆጣጣሪ ግን ዝምታው አንድ ዓይነት ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ይሁን የተኛ ሰው ወይም ራሱን የሳተ፣ ከታች ሆኖ መለየት አይችልም።

የድካሙን ነገር በደንብ ያሳየኝ የኢንዶኔዥያው ባቲክ ኤር ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2024 ኤርባስ 320 አውሮፕላኑ 153 መንገደኞች ጭኖ ከኬንዳሪ ወደ ጃካርታ ይመለሳል። ረዳት አብራሪው የአንድ ወር መንትዮች አባት ነው። ቤት የቀየረውም በቅርቡ ነው። ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ሚስቱን ሲያግዝ በቂ እንቅልፍ አላገኘም። ከበረራው በፊት የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ተለክቶ ደህና ነው ተብሏል፤ አልኮልም አልተገኘበትም። ስንት ሰዓት እንደተኛ ግን የደም ግፊት መለኪያ አይናገርም።

ሲሄዱ ካፒቴኑ ድካሙን አይቶ ትንሽ እንዲያሸልብ ፈቀደለት። ሲመለሱ ተራው የካፒቴኑ ሆነ። “ልረፍ” አለ፤ ረዳቱም እሺ አለ። ከዚያ ሳያስበው እሱንም እንቅልፍ ጣለው። ጃካርታ ጠራ፣ ሌሎች አውሮፕላኖችም ጠሩ። ለ28 ደቂቃ የመለሰ የለም። ካፒቴኑ ሲነቃ አውሮፕላኑ ከመስመሩ ወጥቷል። ባልደረባውን ቀሰቀሰና ለጃካርታ መለሰ። ምን ብሎ? የሬዲዮ ግንኙነት ችግር ገጥሞን ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል ብሎ።

እኔ ይህን ሰው ውሸታም ነው ብዬ ለማለፍ አልቸኩልም። በዚያች ደቂቃ ሥራው፣ ፈቃዱና የቤተሰቡ እንጀራ ነው የታየው። ተኝቼ ነበር ቢል ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሬዲዮው ግን አፍ የለውም፣ አይከራከርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። ግን የሚደብቀው የሚያስደብቅ ነገር ስላለ ነው።

ሰዎች “የአጭር በረራ ምን ያደክማል?” ይላሉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 2008 በሃዋይ ከሆኖሉሉ ወደ ሂሎ የተደረገው በረራ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ጊዜውም ጠዋት ነበር። ሁለቱም አብራሪዎች ተኝተው ለ18 ደቂቃ ሬዲዮ አልመለሱም፣ ማረፊያቸውንም አለፉ። የአሜሪካ መርማሪዎች ያገኙት ካፒቴኑ ያልታወቀለት እንቅልፍ የሚያቋርጥ የአተነፋፈስ ችግር እንዳለበትና ሁለቱም ለተከታታይ ቀናት በጣም ማልደው ሥራ ሲጀምሩ እንደነበር ነው። ድካም በአንድ በረራ ርዝመት አይለካም። ትናንትና ከትናንት ወዲያም ይቆጠራሉ።

ቦሌን በሌሊት የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ወደ አውሮፓና ወደ እስያ የሚሄዱት እኩለ ሌሊት አካባቢ ይነሳሉ፤ ማለዳ ደግሞ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይሰለፋሉ። የአየር መንገዱ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውነት ግን የሌሊት ሥራን በነፃ አይሠራም። እኛ ዘንድ ደግሞ “ደክሞኛል” ብሎ ከሥራ መቅረት እንደ ስንፍና ይቆጠራል። ሌላ ቦታ ይህ አባባል ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። ኮክፒት ውስጥ ግን ሰው ይገድላል።

መፍትሔው እንግዳ አይደለም። በአውሮፓና በካናዳ ደንብ መሠረት አንዱ አብራሪ ነቅቶ ሌላው ለአጭር ጊዜ እንዲያሸልብ ይፈቀዳል፤ በስምምነት፣ አስተናጋጆቹም አውቀው። ተደብቆ ከመተኛት ይህ እጅግ ይሻላል። አስተናጋጅ በየተወሰነ ደቂቃው ወደ ኮክፒት ቢደውልም ወጪ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2009 አብራሪዎቹ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠው ሚኒያፖሊስን ከ100 ማይል በላይ ያለፈው የኖርዝዌስት በረራ የነቃው አንዲት አስተናጋጅ ደውላ ስንት ሰዓት እንደሚያርፉ ስትጠይቅ ነው። አንድ ስልክ ብቻ!

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን አብራሪው “ዛሬ መብረር አልችልም፣ አልተኛሁም” ሲል ደመወዙም እድገቱም የማይነካበት አሠራር ነው። በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃኝም። ሰው ሲጠቀምበት መታየት አለበት። ስንት አብራሪ በድካም ምክንያት ከበረራ እንደቀረ አየር መንገዶች በየዓመቱ ቢነግሩን፣ ቁጥሩ ከፍ ቢል እኔ የበለጠ ነው የማምነው።

የነሐሴ 2014ቱ መግለጫ ስለ ሠራተኞቹ መነሳት ተናገረ፤ ስለ ሥራ ፕሮግራማቸው ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። ስለዚህ የአየር መንገዱንም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንም የምጠይቀው ግልጽ ነው። ሁለቱ አብራሪዎች ከዚያ በረራ በፊት በነበረው ሳምንት ስንት ሌሊት ሠሩ? መካከል ላይ ስንት ሰዓት አረፉ? ከዚያ ወዲህስ ፕሮግራም በሚያወጣው ቢሮ ውስጥ ምን ተቀየረ?