አብስትራክቱ ይበቃል

የሐዋሳ የማስተርስ ተማሪዎችን እንዴት እንደማደንቃቸው ልንገራችሁ። በተለይ ጆርናል ፍለጋ ላይ ያላቸውን ብልሃት ያየ ሰው አጃኢብ ነው የሚለው።

አንድ ወዳጅ አለኝ። ቴሲሱ ላይ 64 ጽሑፍ ጠቅሷል። ስንቱን አነበብከው ስለው ቅር አለው። «ኧረ አብስትራክቱን አንብቤዋለሁ!» ልክ ነው ባይ ነኝ፤ አጭሩ ማጠቃለያ እያለ ሙሉው ምን ይሠራል? እኔም አሞራ ገደል በባጃጅ ሳልፍ የዓሣው ጥብስ ሽታ ደርሶኝ ጠግቤ ቤቴ የገባሁበት ቀን አለ።

አልፎ አልፎ ግን አድቫይዘሩ ሙሉውን ካላየሁ ይላል። ያኔ ወዳጄ የአሳታሚው ገጽ ላይ ይገባል፣ ለአንዲት ጽሑፍ ከ30 ዶላር በላይ ይጠየቃል፣ ፈጣሪውን ጠርቶ ይወጣል። ከዚያ ቴሌግራም! ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ግሩፑ ላይ ሊንኩን ይወረውራል። «ወገን፣ ይሄን ፒዲኤፍ ያለው? ነገ ላቀርብ ነው፣ ተባበሩኝ።» ሰባት ሰው «እኔም ፈልጌው ነበር» ይላል። አንዱ የጸሎት እጅ ይልካል። ፒዲኤፉ አይመጣም፣ ፍቅሩ ግን አለ። ላይብረሪ ገብቶ በአሥር ደቂቃ አውርዶ የሚወጣ ሰው (መብራትም ኔትወርክም ካለ ማለቴ ነው) ይህን ፍቅር ከየት ያገኘዋል?

በነገራችን ላይ የላይብረሪው ኮምፒውተር ጠርዝ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። ፕላስተሩ ደርቆ አንድ ጥጓ ተንጠልጥሏል። የሪሰርች ፎር ላይፍ መግቢያ ስምና ፓስወርድ ነው የተጻፈባት፤ በታዳጊ አገሮች ላሉ ተቋማት ጆርናል በነጻ ወይም በርካሽ የሚከፍት ፕሮግራም ነው። የጤናው ሂናሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የተጀመረው፣ የግብርናው አጎራ በ2003፤ ሁለቱም እዚያ ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያ ደግሞ በነጻ ከሚገቡት አገሮች ናት። ከ20 ዓመት በላይ ተከፍቶ የሚጠብቅን በር ሳያንኳኩ መኖር ቀላል ጽናት እንዳይመስላችሁ! ወዳጄ ወረቀቷን አምና በስልኩ ፎቶ አንስቷታል። እስከ ዛሬ ከእህቱ ሠርግ ፎቶዎች መሀል በሰላም ተኝታለች። ያን ቀን ላይብረሪያኗ «ምን ልርዳህ ወንድሜ?» ብትለው «ዋይፋይ ፈልጌ ነው» አላት።

ጉግል ስኮላር ላይ ከርዕሱ ሥር «ኦል ቨርዥንስ» የምትል ነገር አለች። ብትነኳት አንዳንዴ ጸሐፊው ራሱ በነጻ ያስቀመጠውን ታመጣለች። ለጸሐፊው ኢሜይል ቢጽፉለትም ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ይልካል። ግን ጣት ያደክማል፣ ሰው ማስቸገርም ነውር ነው፤ የቴሌግራሙ 3,000 ሰው መቼም ሰው አይደለም።

ዲፌንሱ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንዱ ፈታኝ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ደጋግመህ የጠቀስከው ጥናት፣ ናሙናው ስንት ነበር?» አለው። ወዳጄ ከረባቱን አስተካከለ።

«በቂ ነበር» አለ።

ቬሪ ጉድ ሰጡት።