«ባይዊክሊ» ስንት ቀን ነው?

የእህቴ ልጅ የምትሠራበት አንድ የግል ድርጅት ሰሞኑን ሰርኩላር በትኗል። ከእንግዲህ ቃለ ጉባኤም፣ የውስጥ ማስታወሻም፣ ሪፖርትም በእንግሊዝኛ ብቻ ይጻፋል። ምክንያቱም ተገልጿል፦ አማርኛ «ለድርብ ትርጉም የተጋለጠ» ስለሆነ ሥራ ያሳስታል። ልጅቷ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ።

ሁለተኛውን አንቀጽ ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሁሉም ክፍል «ባይዊክሊ» ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል። የእሷ ክፍል ይህን አንብቦ በሳምንት ሁለቴ እየጻፈ አበሳውን ያያል። ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ክፍል ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ ልኮ ማኪያቶውን ይጠጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ፍቺ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። በአማርኛ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ወይ «በሳምንት ሁለት ጊዜ» ነው፣ ወይ «በየሁለት ሳምንቱ» ነው። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ አያምታታውም።

ነገሩ የአንድ ቢሮ ጉድ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንድ የሥራ አመራር አማካሪ ይህንኑ ሲሰብኩ ሰማሁ። አማርኛ ሰምና ወርቅ ነው፣ ለቅኔ እንጂ ለሥራ አይሆንም አሉ። የእንግሊዝኛ ቃል ግን ትርጉሙ አንድ ነው፣ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ማየት ነው አሉ። ጋዜጠኛውም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያለ አጀባቸው።

እሺ፣ እንክፈተው። በታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. የ1989 እትም ላይ «ሴት» የምትለዋ ቃል (በእኛ ፊደል ስትጻፍ ሌላ ሴት ትሆናለች) 430 ፍቺ ይዛ ትገኛለች። አዲሱን እትም የሚያዘጋጁት ሰዎች ደግሞ «ራን» ለሚለው ግስ ብቻ 645 ፍቺ ቆጥረዋል። ስድስት መቶ አርባ አምስት! «ትርጉሙ አንድ ነው» ያሉን ሰውዬ የትኛውን መዝገበ ቃላት እንደከፈቱ ባውቅ ደስ ይለኛል። «ሳንክሽን» ማጽደቅም መቅጣትም ነው። «ኦቨርሳይት» ቁጥጥርም መዘንጋትም ነው። አንድ ድርጅት «ኦቨርሳይት ኮሚቴ» ሲያቋቁም ተቆጣጣሪ ነው ያቋቋመው ወይስ ዝንጉ?

የእኔ ተወዳጅ ማስረጃ ግን የዶሮዋ ክስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ የስዊዘርላንድ አስመጪ ከኒው ዮርክ ነጋዴ ብዙ የበረዶ ዶሮ ገዛ። ውሉ በእንግሊዝኛ «ችክን» ይላል። ጭነቱ ሲደርስ ተለቅ ተለቅ ያሉት ዶሮዎች አሮጊት ሆነው ተገኙ። ለጥብስ ያሰበው ሰው የሾርባ ዶሮ ታቀፈ። ከሰሰ። ዳኛው ሄንሪ ፍሬንድሊ በ1960 የሰጡት ፍርድ ሲጀምር ራሱ ጥያቄው «ዶሮ ምንድን ነው?» የሚል ነው ይላል። የተማሩ ጠበቆች፣ የዶሮ ነጋዴዎች፣ መዝገበ ቃላት፣ የግብርና መሥሪያ ቤት ደንብ፣ ሁሉም ተጠርተው በዚህች አንዲት ቃል ተከራከሩ።

አሁን ልብ በሉ። ገዢና ሻጭ ቴሌግራም የሚላላኩት በአብዛኛው በጀርመንኛ ነበር። ታዲያ «ችክን» ከየት መጣች? ገዢው ለፍርድ ቤት ሲያስረዳ፣ የጀርመንኛው «ሁን» የጥብሱንም የሾርባውንም ዶሮ ስለሚያጠቃልል ሆን ብሎ ወደ እንግሊዝኛው ቃል እንደሸሸ ተናገረ። እንግሊዝኛው ቄብን ብቻ የሚል መስሎት ነበር። የእህቴ ልጅ አለቆች ያደረጉት ይህንኑ አይደለም? የራስን ቋንቋ ፈርቶ ባዕድ ቃል ሥር መደበቅ። ሰውዬውም ተሸነፈ። ዳኛው፣ ቃሉ ቄብን ብቻ እንደሚል አላስረዳህም ብለው ክሱን ውድቅ አደረጉበት። ሻጩ ምን ዓይነት ዶሮ እንደሚፈልግ ቀደም ብሎ ሲጠይቅ የገዢው ሰው «የትኛውም ይሁን» ማለቱም አልጠቀመው።

እናቴ ለበዓል ሾላ ገበያ ስትወርድ ግን ጠበቃ አትፈልግም። ቄብ አለ፣ እናት ዶሮ አለ፣ አውራ ዶሮ አለ። ክንፍ ገልጣ፣ ደረት ዳብሳ፣ «ይቺማ እንቁላል የጨረሰች ናት» ብላ ትመልሳለች። ያ ስዊዝ እሷን ቢልክ ኖሮ ክስም ባልነበረ። (ለነገሩ ለወጥ ቢሆን አሮጊቷ ትሻል ነበር።)

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እርስ በርሳቸው እንኳ አይግባቡም። ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጽፉ እንደነገሩን፣ የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ አስቸኳይ ሰነድ «ቴብል» ይደረግ አሉ፣ አሁኑኑ እንወያይበት ለማለት። ለአሜሪካኖቹ ግን ቃሉ ወደ ጎን ይቀመጥ ማለት ነበር። ነገሩን ሁለቱም የሚፈልጉት ሆኖ ሳለ ለረጅም ጊዜ ተጨቃጨቁ።

አማካሪው «ውጫሌንም አትርሱ» ብለው ነበር። ጆሮዬን አላመንኩም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከጣልያን ጋር በተፈራረሙት ውል አንቀጽ 17 ላይ የአማርኛው ቅጂ፣ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መነጋገር «ይቻላቸዋል» ነው የሚለው። ፍላጎት ነው፣ ግዴታ የለበትም። ከዚያች ቃል ውስጥ ሁለተኛ ትርጉም የሚያወጣልኝ ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ። ግዴታ ነው ብላ ለአውሮፓ ያወጀችው ጣልያን የራሷን ቅጂ ይዛ ነው። ሰውዬው ተበዳዩን አስረው በዳዩን ለቀቁ።

አዎ፣ «ገና» ጠብቆና ላልቶ ሁለት ነገር ነው። «አለ»ም እንደዚያው። ግን «አለቃው አለ?» ተብሎ ተጠይቆ «ምን አለ?» ብሎ የመለሰ ጸሐፊ አይቼ አላውቅም። ሰምና ወርቅ ደግሞ በዕውቀት የሚሠራ ጥበብ ነው፣ ፈልገው ካልሠሩት አይመጣም። በሽንኩርት ግዢ ደረሰኝ ላይ ቅኔ ያገኘ ሒሳብ ሠራተኛ ካለ ይንገረኝ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 106 የመጨረሻው ቃል የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ለአገር ሕግ የበቃ ቋንቋ ለዓመት ፈቃድ ማመልከቻ አነሰ?

ትናንት ማታ ልጅቷ ደወለችልኝ። ክፍሎቹ በሪፖርቱ ቀን ተጣልተው ጉዳዩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደርሷል። እሳቸውም በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማብራሪያ ለጥፈዋል። «በየሁለት ሳምንቱ ማለቴ ነው» ይላል። በአማርኛ።