የአንጀት አውታር፣ በናርደንና በአዲስ አበባ

በየዓመቱ የምዕራባውያኑ ስቅለት ሲቃረብ፣ እኛ ገና ሁዳዴ ላይ እያለን፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የማይረግጠው ሆላንዳዊ ሳይቀር ትኬት ገዝቶ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን፣ የክርስቶስን ሕማም በማቴዎስ ወንጌል ቃል የሚዘምረውን፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የባኽን «የማቴዎስ ሕማማት» ለመስማት ይሄዳል። በናርደን ከተማ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያቀርበው የሆላንድ ባኽ ማኅበር ሲሆን፣ ዛሬ የሚጫወተውም በባኽ ዘመን በነበሩት ዓይነት መሣሪያዎች ነው። የቫዮሊኑ አውታር የበግ አንጀት ነው፤ ዋሽንቱ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ቅኝቱም ከዛሬው ኦርኬስትራ በግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። ሻከር ያለው ለስላሳ ድምፅ ዘማሪውን ስለማይጫነው ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንጀት በእርጥበትና በሙቀት ቅኝቱን ስለሚለቅ ተጫዋቾቹ በየመሃሉ ይቃኛሉ፣ አድማጩም ሳያጉረመርም ይጠብቃቸዋል።

ይህ ሁሉ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ አይደለም። አዳራሹ እየሰፋ፣ ጉልህ ድምፅ እየተፈለገ ሲሄድ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ተለውጠው ወይም ተጥለው ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. በቪየና የራሱን ቡድን የመሠረተው ኦስትሪያዊው ሙዚቀኛ ኒኮላውስ ሃርኖንኩርትና መሰሎቹ በየሙዚየሙ የቀሩትን መሣሪያዎች እየመረመሩ፣ ዋሽንተኛው ኳንትዝ በ1752 ስለ ዋሽንት፣ የዝነኛው ሞዛርት አባት ሊዎፖልድ ሞዛርት በ1756 ስለ ቫዮሊን የጻፏቸውን መማሪያዎች እያነበቡ ነው አጨዋወቱን መልሰው ያቋቋሙት። «ባኽ የሰማው ይህንኑ ነው» የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ ባኽ ይሠራባት በነበረችው በላይፕዚግ ከተማ ቀጭኑን ድምፅ የሚዘምሩት ወንዶች ልጆች ነበሩ፣ ዛሬ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

በእኛ ዘንድ መምህሩ በሕይወት አለ፣ የበገና ተማሪውም በዝቷል፤ እየተለወጠ ያለው አውታሩ ነው። ከበግ አንጀት ይከር የነበረው ዐሥሩ የበገና አውታር በብዙ እጆች ላይ ናይሎን ሆኗል። ናይሎን ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይበጠስም፣ ቅኝቱንም ይይዛል፤ ስለዚህ ተማሪውን አልወቅስም። ሆኖም በአውታሩና እርሱ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል የሚገባው ቆዳ፣ እንዚራው፣ የሚሰጠው ያ ከባድ ንዝረት ለእኔ ጆሮ በአንጀት ላይ ይበልጥ ይሞላል። አንጀቱን አጥቦ፣ ፍቆና አክርሮ ማድረቅን የሚያውቀው ደግሞ የባለሙያው እጅ እንጂ እንደ ኳንትዝ ያለ መጽሐፍ አይደለም።

አሁን ባለው ሁኔታ፣ አውሮፓ የሚኖር በገና ደርዳሪ አንጀት ቢያሻው ለቫዮሊንና ጋምባ ለሚባለው የጥንት ባለ ቀስት መሣሪያ አውታር ከሚያከሩት የአውሮፓ ባለሙያዎች ገዝቶ ይሞክረዋል፤ አዲስ አበባ ያለው ግን ጥሬውን ከቄራ ቢያገኝም የሚያከርለትን ሰው ገና ማፈላለግ ይኖርበታል።