ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤ ለምትሄዱ

ስለ ጉባኤ ምክር የሚሰጥ አንድ ጽሑፍ ለአዲስ የክብር ማኅበር (በትምህርታቸው ብልጫ ያሳዩ ተማሪዎች ማኅበር) አባላት «አንድም መድረክ አያምልጣችሁ» ይላል። እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1918 እንደተመሠረተው እንደ አሜሪካው ፋይ ቴታ ካፓ ባሉ ትልልቅ ማኅበራት ጉባኤ ላይ ብዙ መድረክ ጎን ለጎን ይካሄዳል። ተከፋፈሉና ማታ ማስታወሻ ተለዋወጡ። ዋናው ቁም ነገር ያለው ሻይ እረፍት ላይ ነው። የኛ ልጆች ግን ከራሳቸው ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተጣብቀው ይውላሉ!

የእህቴ ልጅ ለተሸላሚ ተማሪዎች ስብሰባ ስትሄድ «ምሳ ከማታውቂው ሰው ጋር ብዪ» አልኳት። አንዲት የሕክምና ተማሪ አጠገብ ተቀምጣ፣ የአጠናን ዘዴዋን በሶፍት ላይ አስጽፋ መጣች።

ከለገጣፎ የምትነሱ ደግሞ በጠዋት ውጡ፤ የመገናኛ የታክሲ ሰልፍ አይታመንም። የመክፈቻ ንግግሩ ቢያመልጣችሁ ግድ የለም፣ ባጅ የሚታደለው ግን ያኔ ነው።