በጀርባ ለሚጎበኙ ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው

ከጅማ ተነሥቶ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ሲንገላታ ውሎ አዲስ አበባ የገባ ሰው፣ በማግሥቱ የመዲናዋን ቅርሶች ሁሉ ከምሳ በፊት ጎብኝቶ የሚጨርስበትን ጥበብ ለፍጹምነት ያበቃነው እኛ ጅማዎች ነንና ተገቢው ክብር ሊሰጠን ይገባል። ጥበቡ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። ለቅርሱ ጀርባን መስጠት፣ ስልክን ወደ ፊት መዘርጋት፣ ፈገግ ማለት፣ ከዚያም ታክሲው ሳይሞላ መሮጥ ነው። ዞሮ ማየት የሚፈልግ ቢኖር ጅማ ሲመለስ ከፎቶው ላይ ያየዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ምድር ሐዳር ላይ የተገኘችውና ዕድሜዋ ከ3 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጠው ድንቅነሽ በብሔራዊ ሙዚየም እንደምትገኝ የታወቀ ነው። ለተመልካች የሚቀርበው የአፅሟ ቅጂ እንጂ ዋናው አለመሆኑን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው ነገረኞች አይጠፉም። የእኛ ጎብኚ ግን ቅር አይለውም፤ እርሱም ይዞ የሚመለሰው ቅጂ ስለሆነ ከድንቅነሽ ጋር ሒሳባቸው ተወራርዷል።

ስድስት ኪሎ ሲደርስ ችሎታው ይበልጥ ይጎላል። በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የአገሪቱን ሕዝቦች አኗኗር የሚያሳዩትን ክፍሎች በአንድ ትንፋሽ ካለፈ በኋላ፣ እግሩ የሚገታው በአፄ ኃይለ ሥላሴ መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ነው። ለታሪክ ያለው ፍቅር እስከ ገንዳው ድረስ የዘለቀ መሆኑን ማን ይክዳል? ከግቢው ወጥቶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ ለተጨፈጨፉት ወገኖች መታሰቢያ በቆመው ሐውልት ሥር፣ አስከሬኖቹ በተቀረጹበት ምስል ፊት ለፊት ሁለት ጣቶቹን ቀስሮ ይስቃል። እዚህ ላይ ማመስገን ትንሽ እንደሚከብድ አልደብቅም፤ ይሁን እንጂ ፎቶው ብርሃን አግኝቶ ነበር ይባልለት።

ለገሃር አካባቢ የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተነቅሎ ሮም ተወስዶ የተመለሰ ነው። ጎብኚያችን ከአዲስ አበባ ተመልሶ በቡና ላይ ሲያወራ የሚሰማው ሰው ግን፣ ሮም ደርሶ የመጣው አንበሳው ሳይሆን እርሱ ይመስለዋል።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንዲያይ መጠየቅ ግፍ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ ግዛታቸውን በብልሃት ያቆዩበት ያ የእንጨት ፎቅ የትም አይሄድም። ደግሞም ለጅሬን የተመደቡ ጎብኚዎች አሉ፤ እነርሱም የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ናቸው። በበዓል ሰሞን መጥተው ባጃጅ ተኮናትረው ሲወጡ፣ የእኛ ሰው በግድ ተጎትቶ አብሮ ይወጣል። ዘመድየው ለሰገነቱ ጀርባውን እንደሰጠ «ለመሆኑ ይህ የማን ቤት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

«ቆይ አትናገር፤ ፊትህ ይበላሻል» ይለዋል የእኛ ሰው፣ ስልኩን እያስተካከለ። «ትንሽ ወደ ግራ።»