ይድረስ ለክቡር ክብ ማኅተም

ጉዳዩ፦ ፊርማ እንዲነኩልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? መሳቢያው ይመችዎታል? እኔ አለሁ። መኪናዬም ሞጆ ደረቅ ወደብ አቧራ ለብሳ ቆማለች።

ዱባይ ገዝቼ ከጀበል ዓሊ ወደብ ያስጫንኋት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ናት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል፣ ታዛዥ ዜጋ ነኝና ባለ ባትሪ ገዛሁ። የሆርሙዝን ሰርጥ አለፈች፣ ጅቡቲ ወረደች፣ የአፋርን ሙቀት ችላ ሞጆ ደረሰች። ባሕርና በረሃ ያላቆማትን እርስዎ፣ ከቡና ስኒ አፍ የማይበልጡት፣ አቆሟት።

የትናንቱን ልንገርዎ። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ወጣቷ ደብዳቤዬን ወደ ብርሃን አንሥታ መረመረችው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ የኃላፊው ስም የተቀረጸበት ቲተር አለው። እርስዎም በሰማያዊ ቀለም ጉብ ብለዋል። «አባባ፣ ማኅተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። እውነቷን ነው፤ በእርስዎና በፊርማው ጅራት መካከል ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክፍተት አለ። «ታዲያ ምን ይሻላል?» ብላት «ይመለስና ይስተካከል» ብላ የሚቀጥለውን ጠራች። ሰልፈኛው አንገቱን አስግጎ ያየኛል፤ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስፈታ አንዱ ትራንዚተር ከንፈሩን መጠጠልኝ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ እጅ ነሣሁ፣ አመሰገንሁም። ምን ስለተደረገልኝ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ደብዳቤውን ወደ ጻፈው ቢሮ ሄድሁ። እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነዎት፤ መሳቢያው ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘችው ሠራተኛ ሥልጠና ላይ ናት፤ ሥልጠናው ቢሾፍቱ ነው። ከሞጆ ስመለስ በአጠገቧ አልፌያለሁ ማለት ነው! «ተወካይ የለም?» አልሁ። ተወካይስ አለ፤ ቁልፍ የለውም።

ስለ ፎቶ ኮፒ ዛሬ አላነሣም። ስለ «ሲስተም የለም»ም እንዲሁ።

ግን የማከማቻው ሂሳብ ለምን ሥልጠና አይሄድም? እርሱ ሳያዛጋ በየቀኑ ሥራ ይገባል፤ ቁልፍ ያዧ ለሻይ ስትወጣም በእኔ ላይ ይጽፋል። ያ ገንዘብ በሰው አገር ፀሐይ ለዓመታት ለፍቼ ያጠራቀምሁት ነው። 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጤን ከፍያለሁ፤ አንዲት ሳንቲም አላስቀረሁም። ማኅተም የመታው እጅ ሲስት ወረቀት የያዘው ሰው የሚቀጣው በየትኛው ሕግ ነው? መመሪያውን አሳዩኝ ብል «አሠራር ነው» ተባልሁ። አሠራር! ማን ፈረመበት? ማኅተሙስ ፊርማውን ነክቷል?

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ ድምፄ ከፍ አለ። መስኮቱ ጋ እንዲህ አልተናገርሁም፤ ጉዳይ ያለው ሰው አይናገርም።

እንግዲህ ከመሳቢያዎ ሲወጡ ጥቂት ወደ ግራ ዘንበል ብለው የኃላፊውን ፊርማ ጫፍ እንዲነኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሊብሬና ታርጋ የሚሰጥበት ቤትም ወንድሞችዎ እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁና ሰላምታዬን አስቀድመው ያድርሱልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ባለጉዳይ

ግልባጭ፦
ለማከማቻ ሂሳብ፣ ሞጆ
ለመሳቢያው ቁልፍ፣ ቢሾፍቱ