ክንፍ ያላቸው እነማን ናቸው?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ የአበሻ ካፌ ውስጥ ተቀምጠናል። ሁለት ቴሌቪዥን አለ። አንዱ ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ድጋሚ ይታያል፤ ሰዉ ሁሉ እሱ ዙሪያ ጥቅጥቅ ብሏል። ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ድምፁ ተዘግቶ የኮሌጅ ፉትቦል ያሳያል። ያ በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካኖቹ "እግር ኳስ" ማለቴ ነው። ከእኔና ከአንድ ጋሼ በቀር ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጋሼ የጨዋታውን ሕግ አያውቁትም፤ ማወቅም አይፈልጉም። ማኪያቷቸውን እያማሰሉ ቀና አሉና፣ "እነዚያ ክንፍ ያላቸው ልጆች ዘንድሮም አሉ እንዴ?" አሉኝ።

ሚቺጋኖች ነበሩ፤ ሄልሜታቸው (የራስ መከላከያ ቆባቸው) ላይ ክንፍ የተሣለባቸው የኮሌጅ ቡድን። ጋሼ ሚቺጋን የት እንዳለ እንኳ ግድ የላቸውም። ክንፉን ግን ከአንድ ዓመት በኋላም አልረሱትም።

ስለ ሄልሜት ክርክር በተነሳ ቁጥር የጋሼ ጥያቄ ትዝ ይለኛል። ክርክሩ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይጀምራል። ቡድኖቹ ለአዲሱ የውድድር ዘመን ያሠሩትን ሄልሜት በጭስና በሙዚቃ አጅበው በቪዲዮ ያስመርቃሉ። ደጋፊው ደግሞ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው መጨረሻ እንደሆነ ሲባባል ይሰነብታል። ዳኝነቱ በሙሉ በፎቶ ነው። ለእኔ ግን ሄልሜት በፎቶ አይዳኝም። ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ላይ፣ ከክፍሉ ማዶ፣ ጨዋታውን የማያውቅ ሰው አይቶ ሲለየው ነው ጥሩ የሚባለው።

ምክንያት አለኝ። በእኛ እግር ኳስ ተጫዋቹን በፊቱ፣ በአሯሯጡ፣ በፀጉሩ ሳይቀር እናውቀዋለን። ፉትቦል ላይ ፊት የለም፤ በብረት ፍርግርግ ተከልሏል። ማሊያው የትከሻ መከላከያው ላይ ተወጥሯል፤ ሃያ ምናምን ሰው ሲደራረብማ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። ከዚያ ክምር ውስጥ ብቅ የሚለው ራስ ነው። ስለዚህ ሄልሜቱ ፊትም ነው፣ ስምም ነው፣ ባንዲራም ነው።

ወደ ክንፉ ልመለስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ክንፉን መጀመሪያ ያመጣው ሠዓሊ አይደለም፤ ስፌት ነው። በ1930ዎቹ ሄልሜት የሚሠራው ከቆዳ ነበር። ስፓልዲንግ የሚባለው ኩባንያ ከሚሸጣቸው አንዱ፣ ግንባሩ ላይ ተጨማሪ ቆዳ ተደርቦ የተሰፋበት ነበር። ድርቡ ወደ ጎንና ጎን ሲሳብ የክንፍ ቅርጽ ያወጣል፤ በአናቱ ላይ ደግሞ ሦስት ቀጫጭን ቆዳዎች ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ፍሪትዝ ክራይስለር የሚባል አሰልጣኝ በ1935 ፕሪንስተን እያለ ያንን ድርብ በተለየ ቀለም ቀባው። በ1938 ወደ ሚቺጋን ሲዛወር ሐሳቡን ይዞ ሄደና ሰማያዊው ላይ የበቆሎ ቢጫ አደረገበት። ሰውየው ስለ ውበት አልነበረም የተጨነቀው። ኳስ የሚወረውረው ልጅ፣ ወደ ፊት የሮጠውን ጓደኛውን ከሩቅ እንዲለይ ነበር የፈለገው።

ከዚያ ቆዳው ቀረና ፕላስቲክ መጣ። ስፌቱ ጠፋ፣ ድርቡ ጠፋ። ክንፉ ግን በቀለም ብቻ ቀጠለ። የድሮ መኳንንት ለምድ ትዝ ይለኛል። ለምድ መጀመሪያ የእንስሳ ቆዳ ነበር። በኋላ ከከፋይ ሲሰፋም ዘርፉ የእንስሳውን እግር ቅርጽ ይዞ ቀረ። ሚቺጋኖች ጭንቅላታቸው ላይ ያደረጉት እንደዚያ ነው። ቆዳው የለም፤ ቅርጹ አለ።

ፕሮፌሽናሎቹ ዘንድም ታሪኩ ይመሳሰላል። በ1948 የሎስ አንጀለስ ራምስ ተጫዋች የነበረው ፍሬድ ገርኪ ኮሌጅ ሥዕል የተማረ ሰው ነበር። ራም ማለት አውራ በግ ነውና የበጉን ቀንድ ሄልሜቶቹ ላይ በእጁ ሣለ፤ ለአንዱ አንድ ዶላር ተከፈለው። ሰባ አምስት ያህል ሄልሜት ነው የቀባው። ቀንዱ ዛሬም አለ። እዚህም ሥዕሉ ሄልሜቱን ለመሙላት የተለጠፈ አይደለም። ቀንድ የሚበቅለው ራስ ላይ፣ ተጠምዝዞ የሚወርደውም ጆሮ አካባቢ ነዋ! ቦታውን አገኘ፤ ለእኔ አንደኛው ነገር ይኼ ነው።

ሁለተኛው ነገር ባዶ ቦታ ነው። ይኼን ለአበሻ ማስረዳት ቀላል ነው። ነጠላን ነጠላ የሚያደርገው ጥለቱ ብቻ አይደለም። ጥለቱ የሚያምረው ያ ሁሉ ነጭ ስላለ ነው። ሙሉውን ጥለት ብታደርገው መጋረጃ ይሆናል። ፔን ስቴት ይህን ያወቀ ቡድን ነው፦ ነጭ ሄልሜት፣ መሃል ለመሃል አንድ ጥቁር ሰማያዊ መስመር፣ አለቀ። አርማ የለም፣ ፊደል የለም። ጋሼ ሲያዩት፣ "እነዚህስ? ገና አልጨረሱትም እንዴ?" ብለው አስቀውኛል። ግን ልብ በሉ፤ እሱንም ለይተው አውቀውታል።

ቴክሳስም እንደዚያው ነው። በ1961 አሰልጣኝ ዳሬል ሮያል ነጩ ሄልሜት ላይ የረጅም ቀንዳሙን በሬ ጥላ አስለጠፈ። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው። ቀንድና ራስ፣ በአንድ ቀለም። የሰባት ዓመት ልጅ በእርሳስ ይሥለዋል። አላባማ ቀይ ሄልሜት ላይ የተጫዋቹን ቁጥር በነጭ አደረገ፤ መሃል ለመሃል ከሚሄድ ነጭ መስመር በቀር ሌላ ምንም አልጨመረም። ኔብራስካ አንዲት ቀይ ኤን አላት። ተቀናቃኞቻቸው "ኤን ማለት ኖውሌጅ (ዕውቀት) ነው" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። የእንግሊዝኛው ቃል በኬ እንደሚጀምር የረሳ አበሻ ቀልዱ ላይገባው ይችላል፤ እኔም ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የጆርጂያዋን ጂ ደግሞ በ1964 የሠራችው የረዳት አሰልጣኙ ሚስት አን ዶናልድሰን ናት። ግሪን ቤይ ፓከርስ የሚባሉት ፕሮፌሽናሎች ከእነሱ ቀድመው ተመሳሳይ ጂ ስለነበራቸው ፈቃድ ተጠይቆ ነው የተለጠፈችው። ኮሚቴ የለ፣ አማካሪ ድርጅት የለ።

"ቀላል ይሁን" ማለት ግን "ሰነፍ ይሁን" ማለት አይደለም። ኖተር ዳም ሄልሜቱ ላይ ምንም ሥዕል የለም፤ ወርቃማ ብቻ ነው። ያ ወርቅ ግን ካምፓሳቸው ውስጥ ካለው በወርቅ ከተለበጠ ጉልላት ጋር እንዲመሳሰል የተደረገ ነው፤ ቀለሙ ውስጥም እውነተኛ የወርቅ ብናኝ ይገባበታል። ለብዙ ዓመታት የቡድኑ ረዳት የሆኑ ተማሪዎች ከጨዋታ በፊት ባለው ምሽት ተሰብስበው ሄልሜቶቹን አንድ በአንድ እንደገና ይቀቡ ነበር። በየሳምንቱ! ባዶ የሚመስለው ሄልሜት ከሁሉም በላይ ድካም ያለበት ነው።

ኦሃዮ ስቴት ደግሞ የኔን ሕግ ያፈርሳል፤ ቢሆንም እወደዋለሁ። በአሰልጣኝ ዉዲ ሄይስ ዘመን፣ በ1968፣ ጥሩ ለተጫወተ ልጅ የባክአይ ዛፍ ቅጠል ያለባት ትንሽ ስቲከር መስጠት ጀመሩ። ልጁ ብርማው ሄልሜቱ ላይ ይለጥፋታል። መስከረም ላይ ሄልሜቱ ባዶ ነው። ኅዳር ሲደርስ የጎበዙ ልጅ ሄልሜት ቅጠል በቅጠል ይሆናል። እኛ ዘንድ አንበሳ የገደለ ጎፈር ያደርግ ነበር፤ ሥራው ራሱ ላይ ይታያል። የዚህ ሄልሜት ውበት መጨናነቁ አይደለም፤ ቀስ በቀስ መሙላቱ ነው። ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ቅጠሎቹ ታትመውበት ቢሆን ኖሮ አላየውም ነበር።

ኦሪገንን ሳልነካ ባልፍ ልጄ አይለቀኝም። ጥር 2012፣ ፓሳዲና፣ ሮዝ ቦውል የሚባለው ትልቁ የኮሌጆች ጨዋታ። ኦሪገኖች መስታወት የመሰለ ሄልሜት አድርገው ወጡ። የካሊፎርኒያ ፀሐይ ሲያርፍበት ሜዳው ላይ መብረቅ የወደቀ ነበር የሚመስለው። ዊስኮንሲንን 45 ለ 38 አሸነፉ። እውነት ለመናገር እኔም አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። የናይኪ መሥራች ፊል ናይት ኦሪገን ስለተማረ፣ ቡድኑ ከማሊያ እስከ ሄልሜት በሽ በሽ ነው፤ በየሳምንቱ ይቀያይራሉ። ልጄ፣ "አባዬ፣ መለዋወጡ ራሱ አርማቸው ነው" ይለኛል። ነጥብ አለው። ኮሌጅ የሚመርጥ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ልብ እንደሚያሸፍት አልክድም። ችግሩ የመጣው ሌላው ሁሉ ሲኮርጅ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ የሆነው ቡድን ጥቁር ለበሰ፣ ቀዩም ጥቁር ለበሰ። አሁን ሁለት ጥቁር ሄልሜት ሲጋጠም አያለሁ፤ የማን ቤት ለቅሶ እንደሆነ አይታወቅም።

የኛ ጉዳይ ሜሪላንድ ነው። ዩኒቨርሲቲው ያለው ኮሌጅ ፓርክ የሚባል ከተማ ውስጥ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው፤ የስንቱ አበሻ ልጅ የተማረበት። መስከረም 2011 ላይ ከማያሚ ጋር ሲጫወቱ ወንዶቹ ያደረጉትን ሄልሜት አልረሳውም። መሃል ለመሃል ተከፍሏል። በአንድ ወገን የሜሪላንድ ባንዲራ ጥቁርና ወርቃማ፣ በሌላው ወገን ቀይና ነጩ መስቀል። በግራ ያየው ሰውና በቀኝ ያየው ሰው ስለ አንድ ቡድን አያወሩም። የቅርጫት ኳሱ ሌብሮን ጄምስ ሳይቀር ትዊተር ላይ ተጸይፎት ነበር። ያዘጋጀው አንደር አርመር የሚባለው የስፖርት ልብስ ኩባንያ ነው፤ መሥራቹ ኬቨን ፕላንክ ራሱ የሜሪላንድ ተጫዋች የነበረ። በዚያ ቀን 32 ለ 24 አሸነፉ፤ ስለ ውጤቱ ግን ማንም አላወራም።

በኔ ሚዛን ይህ ሄልሜት መውደቅ ነበረበት። ምንም ባዶ ቦታ የለውማ፣ ሙሉው ጥለት ነው። ግን ባንዲራው ራሱ እንደዚያ ነው። ጥቁርና ወርቃማው የካልቨርት ቤተሰብ፣ ቀይና ነጩ የክሮስላንድ ቤተሰብ አርማ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በሜሪላንድ ከሰሜኑ ጋር የቆመው ጥቁርና ወርቃማውን፣ ወደ ደቡብ ያዘነበለው ቀይና ነጩን ይዞ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው በ1904 የግዛቱ ባንዲራ ሆኑ። እዚህ የምንኖር ሰዎች ታርጋችን ላይ፣ ካልሲ ላይ፣ የጎረቤት በረንዳ ላይ በየቀኑ እናየዋለን። ያን ቀን ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው "እነዚህ ከየት ናቸው?" ብሎ አይጠይቅም። አስቀያሚ ነው፤ ግን ሌላ የትም ቡድን ሊያደርገው አይችልም። አንድን ጥቁር ሄልሜት ግን ማንም ሊያደርገው ይችላል።

ይህን ሁሉ በወሬ ነበር የማውቀው፤ ባለፈው ዓመት ግን በእጄ ያዝኩት። ልጄ ሃይስኩል ይጫወታል። ወላጆች አንድ ሐሙስ ማታ ተጠርተን ስቲከር ለጠፍን። ምግብ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ሄልሜቶቹ ተደርድረዋል፤ አዳራሹ ላብ ላብ ይሸታል። አንዱን ሳነሳው ሁለት ኪሎ ያህል መሰለኝ። አሮጌውን ስቲከር በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ይልጡታል። አዲሱን ከመለጠፍ በፊት ጠብታ ሳሙና የገባበት ውሃ ይረጩበታል፤ እንዲንሸራተትና ለማስተካከል እንዲመች ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ስቲከሩ ዝርግ ነው፣ ሄልሜቱ ድብልብል። አንዱን ጫፍ ስታሲዘው ሌላው ይሸበሸባል። መሃሉ ላይ አየር ይቀራል፤ በባንክ ካርድ እየገፋህ ታወጣዋለህ። አዲሶቹ ሄልሜቶች ደግሞ አናታቸው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። መሃል የሚሄደው መስመር ቀዳዳ በደረሰ ቁጥር በምላጭ ይቆረጣል። ኮምፒውተር ላይ ቀጥ ብሎ የታየው ሁሉ እዚህ ሲደርስ ይጎብጣል። ብዙ ቀለምና ብዙ መስመር የሚወድ ዲዛይነር አንድ ሐሙስ ማታ እዚያ ቢቀመጥ፣ ግማሹን ራሱ ይሰርዘው ነበር።

የልጄን ሄልሜት እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ፊደሏ ወደ ኋላ ዘንበል ብላ ደረቀች። ልነቅላት ስል አንዷ እናት፣ "ተወው፣ ይቀደዳል" አለችኝ። ተውኩት።

አርብ ማታ ሜዳው ሄድን። ብርድ ነው፣ መብራቱ ደካማ ነው፣ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ነው። እኔ ቁጥሩን ስፈልግ፣ ባለቤቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና፣ "ያውልህ! ጠማማው!" አለች።